ደን የሚጠብቅ ደንብ እንዴት ይሠራል? የጓሳና የሌሎች አካባቢዎች ልምድ

አንድ ማኅበረሰብ የአካባቢውን ዛፍና ቁጥቋጦ ለመጠበቅ ደንብ ሲያወጣ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። መቁረጥ ክልክል ነው፤ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው፤ ይህን የጣሰ ይቀጣል። ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ግን አንዱ ተራራ ለምልሞ ሲገኝ ሌላው እንደተራቆተ ይቀራል። ሁለቱም ጋ ደንብ ነበር፤ ሁለቱም ጋ ቅጣት ተጽፎ ነበር። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ደንቡን ያወጣው ማን እንደሆነ፣ የተከለለው ቦታ መቼ እንደሚከፈት፣ ሲከፈትም ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ መጠየቅ ያስፈልጋል። የቅጣቱ ክብደት ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

በአገራችን ይህን ጉዳይ በሚገባ ለመረዳት ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ፣ በእኔ እምነት፣ የመንዙ ጓሳ ነው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዙሪያ የሚገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ከፍ የሚል፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ውርጫማ ደጋ ነው። ስሙ በላዩ ከሚበቅለው ረጅምና ጠንካራ ሣር ስም ጋር አንድ ነው። መንዞች በጓሳ ሣር ቤታቸውን ይከድኑበታል፣ ገመድ ይገምዱበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰውን ገሳ ይሠሩበታል፣ ሌላም ብዙ የቤት ዕቃ ያበጁበታል። ከሣሩ መካከል ጅብራና አስታ ይበቅላሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይግጥበታል፤ በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ የሚገመተው ቀይ ቀበሮም በሣሩ ሥር የሚኖሩትን አይጦች እያደነ ይኖርበታል። ከዚህ ደጋ የሚነሡ ምንጮችና ወንዞች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ። በዙሪያው ያለው መሬት ለዘመናት ሲታረስና ሲጋጥ የኖረ ሆኖ ሳለ ጓሳ እስከ ዛሬ ድረስ ሣሩን ይዞ መቆየቱ ያለ ምክንያት አልሆነም።

ምክንያቱ የቄሮ ሥርዓት ይባላል። ሥርዓቱ የተጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ መሥራቾቹም መሬቱን መጀመሪያ ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች እንደሆኑ በአካባቢው ሲነገር የኖረ ነው። በጓሳ የመጠቀም መብት ከእነዚህ አባቶች በሚወርድ የርስት ሐረግ የተያዘ ነበር። ባለ መብቶቹ በየደብራቸው ተከፋፍለው፣ በላያቸው አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ መርጠው ይሾማሉ። አለቃው ከላይ የተሾመ ሹም አልነበረም፤ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በጉባኤ የሚመርጡት፣ ሥራውን ካልሠራም የሚያነሡት ሰው ነበር።

አባ ቄራው ከሁሉ በላይ የሚጠየቅበት ሥራ መዝጋትና መክፈት ነው። ጓሳው እንደ ሣሩ ዕድገትና እንደ ሕዝቡ ችግር አንዳንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለማቋረጥ ዝግ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሣር ማጨድ፣ ከብት ማሰማራትም ሆነ እንጨት መልቀም አይፈቀድም። ሣሩ ደርሷል፣ ሕዝቡም ያስፈልገዋል ሲባል፣ በበጋው ወራት መካከል የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና ሰው በሚሰበሰብባቸው ሌሎች ቦታዎች ይታወጃል። መጀመሪያ የሚገባው ማጭድ ነው። ሁሉም ድርሻውን ካጨደ በኋላ ከብቱ ይለቀቃል፤ ከብቱም የሐዋርያት ጾም እስከሚፈታበት እስከ ሐምሌ 5 ድረስ ግጦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ክረምቱ ሲገባ ቦታው እንደገና ይዘጋል።

የዚህን ቅደም ተከተል ብልህነት ልብ ማለት ይገባል። ማጭድ ከከብት በፊት መግባቱ ለቤት ክዳን የሚሆነው ረጅም ሣር ሳይረገጥ እንዲሰበሰብ ያደርጋል፤ ከብቱ ደግሞ ከአጨዳ የተረፈውን ይበላል። የመዝጊያው ቀን ከክረምቱ መግቢያ ጋር መገጣጠሙ ሣሩ በሚያድግበት ወቅት ማንም እንዳይነካው ያደርጋል። ቀኑ ከጾም ፍቺ ጋር የተያያዘ በመሆኑም «አልሰማሁም» የሚል ሰው ሊኖር አይችልም፤ ማንበብ የማይችል ገበሬም፣ በሩቅ ቀበሌ ያለች እረኛም እኩል ያውቁታል። ዛሬ በጽሑፍ የሚወጡ ብዙ ደንቦች የጎደላቸው ይህ ነው፤ ሕዝቡ በሚኖርበት የቀን አቆጣጠር ላይ አልተመሠረቱም።

ጥበቃውም ደመወዝ የሚከፈለው ዘብ ሥራ አልነበረም። እያንዳንዱ ባለ መብት በተራው መውጣት ግዴታው ነበር፤ ያልወጣም ይቀጣ ነበር። ቦታው ዝግ ሳለ ገብቶ የተገኘ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ ቤት እስከ ማቃጠል የደረሰ ቅጣት እንደነበረም ይታወቃል። እንዲህ ያለው ቅጣት ዛሬ ሕገ ወጥ ነው፣ መሆንም አለበት። ይሁን እንጂ ሥርዓቱን ለዘመናት ያቆመው የቅጣቱ አስፈሪነት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይመስለኛል። ሰው ዝግ በሆነባቸው ዓመታት የታገሠው መክፈቻው እንደሚመጣ፣ በመጣም ጊዜ ድርሻው እንደሚጠበቅለት ስለሚያውቅ ነው። በተዘጋ ጊዜ የገባ ሌባ የሰረቀው ከራሱ ጎረቤት የዓመታት ትዕግሥት ላይ ስለሆነ፣ ቅጣቱ በሁሉም ዓይን ተገቢ ሆኖ ይታይ ነበር።

ሥርዓቱ ግን ያለ እንከን አልነበረም። መብቱ ከመሥራቾቹ በሚወርድ ሐረግ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ከሐረጉ ውጭ የሆኑ ነዋሪዎች በአፍንጫቸው ሥር ካለው ሣር ምንም ድርሻ አልነበራቸውም። ስለ ጥንታዊ ሥርዓቶች በምንጽፍበት ጊዜ ይህን ዘለን ማለፍ የለብንም፤ የተጠበቀው ደን ማንን አግልሎ እንደተጠበቀ መጠየቅ የጉዳዩ አንድ አካል ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲወጣ የርስት ሥርዓት ከሥሩ ተነቀለ። ለብዙ ሚሊዮን ጭሰኛ ይህ የፍትሕ ቀን ነበር። በጓሳ ግን አንድ ማንም ያላሰበው ነገር አብሮ ደረሰ፤ የአባ ቄራው ሥልጣን የቆመው በርስት መብት ላይ ስለነበር ርስቱ ሲሻር ሥልጣኑም ተሻረ። እገሌ ባለ መብት ነው፣ እገሌ አይደለም የሚል መለያ ጠፋ። ሁሉም ገበሬ በእኩልነት መግባት ቻለ፤ መዝጋት የሚችል ግን ማንም አልነበረም። ሣሩ ከመጠን በላይ ታጨደ፣ ተጋጠ፣ ዳር ዳሩም ታረሰ። የሆነውን በትክክል ለመግለጽ፣ በጓሳ ላይ ጉዳት ያደረሰው የእኩልነቱ መምጣት አይደለም፤ አሮጌው አለቃ ሲወርድ በእኩልነት ላይ የቆመ አዲስ የሚዘጋና የሚከፍት አካል ወዲያው ሳይተካ መቅረቱ ነው።

መንዞች ያንን ክፍተት በኋላ በራሳቸው መንገድ ሞልተውታል። በገበሬ ማኅበራት፣ ኋላም በቀበሌ ነዋሪነት ላይ የተመሠረተ፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ቀበሌ ተወካይ የሚልክበት ኮሚቴ አቋቋሙ። የዘር ሐረግ መስፈርትነቱ ቀረ፤ መዝጋትና መክፈት፣ የጋራ ጥበቃ፣ መቀጮ ግን ተመለሱ። ቦታው በ2000ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ፤ ጎብኚዎች የሚያርፉበት የማኅበረሰቡ ማረፊያም ተሠራ። በመንግሥት ከሚተዳደር ብሔራዊ ፓርክ የሚለየው ዋናው ነገር፣ ስለ አጠቃቀሙ የሚወስኑት በሣሩ የሚጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው መሆናቸው ነው።

የማይቆረጥ ደን ሁሉ ተጠብቋል ማለት አይደለም

ከጓሳ በጣም የተለየ ሌላ የአጠባበቅ ዓይነት ሁላችንም እናውቃለን፤ የቤተ ክርስቲያን ደን። በደቡብ ጎንደርና በሌሎች የሰሜን አካባቢዎች በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል እንደ ደሴት ብቅ የሚሉት እነዚህ ደኖች፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ከአካባቢው ጨርሰው እንዳይጠፉ ያደረጉ ናቸው። እዚህ ላይ ዘብም፣ የመክፈቻ ቀንም፣ ኮሚቴም የለም። ደንቡ የቦታው ቅድስና ነው። ከደብሩ ዛፍ መቁረጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ግዝት ስለሆነ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ካልሆነ በቀር የሚደፍር የለም።

እነዚህን ደኖች ለዓመታት ያጠኑት የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ግን አንድ አሳሳቢ ነገር አሳይተዋል፤ በብዙዎቹ ውስጥ ትልልቆቹ ዛፎች በክብር ቆመው ሳለ ከሥራቸው የሚተካቸው ችግኝ በቂ አይደለም። ዛፉን ማንም አይቆርጠውም፤ ከብት ግን ገብቶ የበቀለውን ይበላል፣ ይረግጣል፤ በበዓላት ቀን የሚሰበሰበው ሰውም ያለ ክፋት ይረግጠዋል። በተጨማሪም ደኑ ትንሽ በሆነ ቁጥር ዳሩ ለነፋስና ለፀሐይ ስለሚጋለጥ ችግኙ ይደርቃል። ስለዚህ መጥረቢያን ብቻ የሚከለክል ደንብ የዛሬውን ዛፍ ይጠብቅ ይሆናል እንጂ የነገውን አይጠብቅም። ያለ ተተኪ የቀረ ደን ከውጭ ሲያዩት የጤነኛ መልክ ይኖረዋል፤ አሮጌዎቹ ዛፎች አንድ በአንድ መውደቅ እስኪጀምሩ ድረስም ጉዳቱ አይታይም።

መፍትሔው ከዚያው ከአካባቢው ነው የተገኘው። ካህናቱና ምእመናኑ በእርሻቸው ላይ ያስቸገራቸውን ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠሩ። ካቡ ከብቱን ይመልሳል፣ ለደኑ የማያሻማ ወሰን ያበጅለታል፣ ገበሬውም ማሳው ከድንጋይ ይጸዳለታል። ለጠባቂ ደመወዝ አይጠየቅም፤ አንድ ጊዜ በደቦ የተሠራ ካብ በየዓመቱ ትንሽ ጥገና ብቻ ይበቃዋል። በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ደኖች እንዳሉን ስናስብ፣ ይህ ቀላል ሥራ ለአገር በቀል ዛፎች ዘር ማትረፊያነት ያለው ዋጋ እጅግ ትልቅ ነው።

መትከል ወይስ መተው?

ስለ ደን ስንነጋገር አእምሯችን ወዲያው ወደ ችግኝ ተከላ ይሄዳል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ይህን ልማድ የበለጠ አጠንክሮታል። ተከላ ጠቃሚ ነው፤ የተራቆተ መሬት ሁሉ ግን የተከላ ችግር የለበትም። ብዙ ቦታ ላይ ከመሬት በላይ የሚታይ ዛፍ ባይኖርም ከመሬት በታች ሕያው ሥር፣ በአፈሩም ውስጥ ዘር አለ። በየዓመቱ የሚያቆጠቁጠውን ፍየል ስለሚበላው፣ ማጭድና መጥረቢያም ስለሚለቅመው ከጉልበት በላይ አያድግም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አካፋ ሳይሆን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ መሆን ነው።

በወላይታ የሚገኘው ሁምቦ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ለረጅም ዓመታት ለማገዶና ለከሰል ሲቆረጥ የኖረው ተራራ ከተራቆተ በኋላ ጎርፍና ናዳ ከሥሩ ያለውን እርሻ ያጠቃ ጀመር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወርልድ ቪዥን የተባለው የረድኤት ድርጅት ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር በመሆን 2,728 ሄክታር መሬት እንዲከለል አደረገ፤ ነዋሪዎቹም በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው መሬቱን የማስተዳደር መብት አገኙ። አብዛኛው ደን የተመለሰው በተተከለ ችግኝ አልነበረም፤ ከቆዩ ጉቶዎች ከሚወጣው ቡቃያ መካከል ጠንካራዎቹን መርጦ በማስቀረት፣ ሌሎቹን በመግረዝና ከብትን በማራቅ ነው። የተገረዘው ቅርንጫፍ ለማገዶ ይሆናል፤ ሣሩ ታጭዶ ለከብት ይሰጣል። ደኑ ከአየር ለሚያስወግደው ካርቦን ማኅበራቱ በዓለም ባንክ በኩል ገንዘብ እንዲያገኙ የተደረገበትም ሥራ ነው።

ከሁምቦ የምወስደው ዋና ነገር የካርቦን ገንዘቡ አይደለም፤ እርሱ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ዋናው ነገር፣ ክልከላው በተጀመረ ጥቂት ጊዜ ውስጥ የሣርና የማገዶ ድርሻ ለአባላቱ መድረሱ ነው። ልጓም የሌለው አጠቃቀም ደንን እንደሚያጠፋ ሁሉ፣ መጨረሻ የሌለው ክልከላም ደንቡን ያጠፋል፤ ከብት ያላት እናት «በአሥር ዓመት ደን ይሆናል» በሚል ተስፋ ብቻ ላሟን ልታስርብ አትችልም።

የደንቡ አንቀጾች

እንግዲህ አንድ ጎጥ ወይም ቀበሌ ደንብ ሊጽፍ ሲቀመጥ ከእነዚህ ልምዶች ምን ሊወስድ ይችላል? የመጀመሪያው ወሰን ነው። «ተራራው» ማለት አይበቃም፤ ከየትኛው ገደል እስከ የትኛው ምንጭ፣ ከየትኛው መንገድ እስከ የትኛው ማሳ እንደሆነ በአዋሳኝ ገበሬዎች ፊት ተዙሮ፣ ድንጋይ ተተክሎ፣ በቃለ ጉባኤ መጻፍ አለበት። በወሰን ላይ የሚነሣ ጠብ ከደን ጠብ ይልቅ ከባድ ስለሆነ፣ ይህን ሥራ ለሌላ ቀን ማሳደር አይገባም።

ሁለተኛው የአጎራባች ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ይህ ነው። አንድ ተራራ ሲዘጋ በላዩ ይግጥ የነበረው ከብት አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤት ተራራ ይሻገራል። የእኛ ደን ሲያገግም የእነርሱ ከተራቆተ ደን ጠበቅን ማለት አይቻልም፤ ጠብም ይወልዳል። ስለዚህ ከአዋሳኝ ቀበሌ ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ መስማማት፣ የሚቻል ከሆነም ሁለቱም በየተራ እንዲዘጉ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስለ ማገዶም በግልጽ መነጋገር ግድ ነው። በገጠር አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በጭራሮ ነው፤ ጭራሮውን የሚለቅሙት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ደንቡን የሚያወጣው ስብሰባ ላይ የተቀመጡት ግን ብዙ ጊዜ ወንዶች ናቸው። የዚህ ውጤት ግልጽ ነው፤ ክልከላው የሚወድቀው በስብሰባው ላይ ባልነበሩት ትከሻ ላይ ነው። የወደቀ ደረቅ እንጨት መልቀም ይፈቀድ እንደሆነ፣ በሳምንት በየትኛው ቀን፣ በመጥረቢያ ወይስ በእጅ ብቻ የሚለውን ሴቶች በተገኙበት መወሰን ደንቡን ከሁሉ በላይ ያጠነክረዋል። በየጓሮው ወይም በማይታረስ ዳገት ላይ ለማገዶና ለግንባታ የሚሆን ዛፍ መትከልም የዚሁ አካል ነው። ባሕር ዛፍ ስለ ውኃና ስለ አፈር የሚቀርብበት ወቀሳ ብዙ ነው፤ ከምንጭ አጠገብና በእርሻ መካከል መትከሉን እኔም አልደግፍም። ነገር ግን የራሱ የባሕር ዛፍ እንጨት ያለው ቤተሰብ ወደ ተከለለው የወይራ ደን መጥረቢያ ይዞ የሚሄድበት ምክንያት እንደሚቀንስም መካድ አይቻልም።

በቅጣት ረገድ በዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ልምድ አለን። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት፣ በዘርፉም ለመሸለም የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ሕዝብ በጋራ የሚጠቀምባቸው ደኖች፣ የመስኖ ቦዮችና የግጦሽ መሬቶች በብዙ አገሮች እንዴት እንደሚተዳደሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥንተዋል። ከግኝቶቻቸው አንዱ፣ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ሥርዓቶች በአንድ ጊዜ ከባድ ቅጣት የሚጥሉ ሳይሆኑ፣ በትንሽ ጀምረው ጥፋቱ በተደጋገመ ቁጥር የሚያከብዱ መሆናቸው ነው። በእኛም አገር ይህ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ በሽማግሌ መምከር፣ ቀጥሎ የተያዘውን ከብት መቀጮ ከፍሎ ማስለቀቅ፣ ሲደጋገም ከዓመቱ የሣር ድርሻ መሰረዝ፣ በመጨረሻም ወደ ሕግ ማቅረብ። የመጀመሪያው ቅጣት ቀላል መሆኑ ጠባቂውን ይረዳዋል፤ ቅጣቱ ቤት የሚያፈርስ ከሆነ ጎረቤቱን ያየ ጠባቂ አይቶ እንዳላየ ያልፋልና። የተሰበሰበው መቀጮ የት እንደገባ በየጊዜው በጉባኤ ፊት መነገር አለበት። የመቀጮ ገንዘብ የጠፋበት ኮሚቴ ከዚያ በኋላ የሚያወጣውን ደንብ ማንም አይሰማውም።

ሌላው ከባድ ጉዳይ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። የተከለለው ተራራ በወላጆቻቸው ዘመን ተከፋፍሎ ያላለቀ የመጨረሻው መሬት ነው፤ እነርሱ የሚያዩት ሊታረስ የሚችል መሬት ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነው። ይህን ስሜት በስብከት ማስቀረት አይቻልም። በተከለለው ደን ውስጥ ንብ ማነብ፣ ሣር አጭዶ ከብት ማደለብ፣ የችግኝ ጣቢያ ማካሄድ ለተደራጁ ወጣቶች ቅድሚያ እንዲሰጥ በደንቡ ውስጥ መጻፍ በብዙ አካባቢዎች ተሞክሯል፤ ማር በተለይ ከቆመ ዛፍ እንጂ ከተቆረጠ ዛፍ ስለማይገኝ፣ ንብ አናቢው በራሱ ጥቅም የደኑ ጠባቂ ይሆናል።

ደንቡ በሕግ ፊት

የአካባቢ ደንብ በራሱ የሚቆም ሕግ አይደለም፤ ከላይ ባለው ሕግ ጥላ ሥር የሚሠራ ስምምነት ነው። ማሰር፣ መምታት ወይም ንብረት ማቃጠል አይችልም። አባላቱ የተስማሙበትን መቀጮ ማስከፈልና ከጋራ ጥቅም ማገድ ግን ይችላል፤ ከዚያ ያለፈው ጉዳይ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

በዚህ ረገድ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 542/1999 የሚያውቀው የመንግሥትንና የግልን ደን ብቻ ነበር፤ በመካከል ያለው ማኅበረሰብ በሕግ ፊት የደን ባለቤት ሆኖ አይታይም ነበር። አዲሱ አዋጅ የማኅበረሰብ ደንና የማኅበራት ደን የሚሉትን ጨምሯል። ትርጉሙ ቀላል አይደለም፤ ሕዝብ ለዓመታት የጠበቀው ተራራ በሕግ ዓይን «የመንግሥት መሬት» ብቻ ሆኖ ከመቅረት ወጥቶ፣ የሚጠብቀው ሕዝብ በስሙ ማረጋገጫ ሊጠይቅበት የሚችል ሆኗል ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ይህ መብት ዋጋ የሚኖረው ግን ሰነድ ሲኖረው ነው። በ1967 ዓ.ም. የጓሳ ሥርዓት በአንድ አዋጅ የፈረሰው የቆመበት የርስት መብት ስለተነሣ ነበር፤ ዛሬም ያልተመዘገበ የአካባቢ ደንብ ለመንገድ፣ ለኢንቨስትመንት ወይም ለሰፈራ መሬት ሲፈለግ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። ስለዚህ ደንቡን ያወጣ ማኅበረሰብ ወሰኑ የተለካበትን ካርታ፣ የአባላቱን ዝርዝርና የተፈረመውን መተዳደሪያ ደንብ ይዞ ወደ ወረዳው የመሬትና የደን ጽሕፈት ቤቶች መሄድ፣ የማኅበረሰብ ደን ማረጋገጫ መጠየቅ፣ ቅጂውንም በአንድ ሰው ቤት ብቻ ሳይሆን በቀበሌው፣ በኮሚቴውና ደብሩ ወይም መስጊዱ በሚገኝበት ቦታ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ኮሚቴው በየጊዜው ይቀየራል፣ የቀበሌ ሊቀ መንበሩም ይቀየራል። አዲስ የተመረጠ ኮሚቴ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ከቀድሞው ኮሚቴ ጋር ወሰኑን በእግሩ መዞርና የሚቀጥለውን የመክፈቻ ቀን በጉባኤ ማጽደቅ ነው።